የሳንባ ሕመም፥ የደም መርጋትና የልብ ድካም

ለብዙ ዘመን ሲያስል የኖረ ሰው አንድ ቀን ትንፋሹ ድንገት ሲያጥረው ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ያው የድሮው ሕመሙ ተነሣበት» ይላሉ። ሐኪምም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከዚህ ግምት አይርቅም፤ ግምቱም በብዙዎቹ በሽተኞች ላይ ትክክል ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ግን ግምቱ ትክክል የማይሆንበትን ጊዜ ነው። የሳንባ በሽተኛ ትንፋሽ ድንገት የሚያጥረው አንዳንድ ጊዜ ሳንባው ራሱ ስለ ከፋ ሳይሆን በእግሩ ደም ሥር የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባው ስለ ሄደ፥ ወይም ልቡ ስለ ደከመ፥ ወይም የልቡ ጡንቻ ደም ስላጣ ነው። ለሦስቱም መንገዱን የሚጠርገው የሳንባው ሕመም ነው፤ ሕክምናቸው ግን ከሳል ሕክምና የተለየ ስለ ሆነ ስሕተቱ ነፍስ ያስከፍላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የደምን ጉዞ ማስታወስ ያሻል፤ የሕክምና ተማሪዎች ይህን አሳምረው ስለሚያውቁት ጥቂት ይታገሡን። የልብ ቀኝ ወገን ከመላው አካል የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋዋል፤ ደሙም በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅን ተሸክሞ ወደ ግራው ወገን ይመለሳል፤ የግራው ወገን ደግሞ ወደ መላው አካል ያሰራጨዋል። እንግዲህ ከእግርና ከእጅ የሚመለስ ደም ሳንባን ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ስፍራ አይደርስም። ሳንባ ለደም እንደ ወንፊት ነው፤ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ የተነቀለ የደም ጓል መያዣው እዚያ ነው። ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የግፊቱ ልዩነት ነው። የግራው ልብ በአማካይ በ90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ግፊት ሲሠራ፥ የቀኙ የሚሠራው በ15 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀኙ ልብ ግድግዳ ስስ ነው። ስስነቱ በጤና ጊዜ ምንም አይጎዳውም፤ ከሳንባ በኩል መንገዱ ሲጠብበት ግን ጉልበት የለውም።

«ደም ረጋ» ስንል የምንጠቀምበት ቃል «ወተት ረጋ» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ ንጽጽሩም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚኖር ፊብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። የደም ሥር በተቈረጠ ጊዜ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን አካላት ቁስሉ ላይ ተለጣጥፈው የመጀመሪያውን መዝጊያ ይሠራሉ፤ ከዚያም አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሄድ የፕሮቲኖች ሰንሰለት ፊብሪኖጅኑን ወደ ፊብሪን ክር ይለውጠዋል፤ ክሩም እንደ መረብ ሆኖ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይይዛል። ይህ ባይኖር ኖሮ ምላጭ የነካው ጣት ሰውን በገደለ ነበር። ልዩነቱ ወተት በጋኑ ውስጥ በሙሉ ሲረጋ፥ ደም ግን በተፈለገበት ስፍራ ብቻ እንዲረጋ የሚከለክሉ ተቃራኒ ኃይሎች በዚያው በደም ውስጥ መኖራቸው ነው። ጣጣው የሚመጣው በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ነው።

ሚዛኑን የሚያዛቡት ነገሮች በሦስት ይመደባሉ፤ ምድቡም የሚጠራው በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርሾ ስም ነው። ፊርሾ በ1840ዎቹ ዓመታት በበርሊን በሚገኘው በቻሪቴ ሆስፒታል የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የሚገኘው ጓል በዚያው የበቀለ ሳይሆን ከሩቅ፥ በተለይም ከእግር፥ ተነቅሎ የመጣ መሆኑን አስረዳ። ኤምቦሊዝም የሚለውንም ስም የሰጠው እርሱ ነው። ሦስቱ ምክንያቶች የደም ጉዞ መዘግየት፥ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኰል ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ አካል ይችለዋል፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ያሰጋል።

አሁን ከሃምሳ ዓመት ያለፉ አንዲት እናት እናስብ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በእንጨትና በኩበት ጢስ እንጀራ ሲጋግሩና ወጥ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሲጋራ ግን በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ጢሱ የአየር ቧንቧቸውን አጥብቦታል፤ ዳገት ሲወጡ ያርፋሉ፥ ሌሊት ያስላሉ። በክረምት የሳንባ ምች ይይዛቸውና ሁለት ሳምንት ከአልጋ ይውላሉ። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው እርሱ ስለ ሆነ፥ ሰው ሲተኛ በእግሩ ያለው ደም ይዘገያል፤ ይህ አንድ ነው። ትኩሳቱና ምግብና ውሃ አለመውሰዱ ደማቸውን ያወፍረዋል፤ ጉበትም ለምቹ መልስ ሲሰጥ ፊብሪኖጅንን ከወትሮው አብዝቶ ያፈልቃል፤ ይህ ሁለት ነው። ከሳንባ የተነሣው ቁጣና የኦክሲጅን ማነስ የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ያስቈጣዋል፤ ሽፋኑም በጤናው ጊዜ መርጋትን ሲከለክል የነበረውን ያህል አሁን ይጋብዘዋል፤ ይህ ሦስት ነው። እንግዲህ ፊርሾ የዘረዘራቸው ሦስቱም በአንዲት አልጋ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በአሥረኛው ቀን የቀኝ ባታቸውን ያማቸዋል፤ «ብርድ ነው» ይባልና በቅቤ ይታሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ማሸት ለብዙ ሕመም ይጠቅማል፤ ወጌሾቻችንም በሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ከመኝታ በኋላ ያበጠና የሚያም አንድ እግርን ማሸት ጓሉን ከግድግዳው ሊነቅለው ስለሚችል ማንም ሰው ሊያደርገው የሚገባ አይደለም። በማግሥቱ እኒያ እናት ወደ ደጅ ለመውጣት ሲነሡ ጎናቸውን ውጋት ይይዛቸዋል፥ ትንፋሻቸው ይቈረጣል፥ ልባቸው ይመታል፥ ራሳቸውን ይስታሉ። ውጋቱ ከምቹ የመጣ ይመስላል፤ ትንፋሽ ማጠሩም ከቆየው ሳል። የሆነው ግን ጓሉ ከባት ተነሥቶ በቀኙ ልብ አልፎ የሳንባውን ደም ቅዳ መዝጋቱ ነው። ጓሉ ትልቅ ከሆነ ያ ስሱ የቀኝ ልብ ድንገት የቆመበትን ግድግዳ መግፋት ስለማይችል ይለጠጣል፤ ወደ ግራው ልብ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። በሽተኛው የሚሞተው አየር አጥቶ ብቻ አይደለም፤ የቀኙ ልብ ሥራውን ስለሚያቆምም ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው፤ በአገራችን ወጣቱን ሳይቀር የሚይዝ ስለ ሆነ ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ እንዳይመስል ያደርገዋል። በነቀርሳ ጊዜ ፊብሪኖጅንና ፕላትሌት ይበዛሉ፤ ያበጡ ዕጢዎች ደም መልሶችን ሊጫኑ ይችላሉ፤ የከሳና የደከመ በሽተኛም ብዙ ይተኛል። በ1989 በደቡብ አፍሪካ በወጣ ጥናት በሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ የነቀርሳ በሽተኞች ከመቶ 3 በላይ የሚሆኑት በእግራቸው ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶባቸው ነበር። ቊጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰላሳ አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ማለት ነው፤ ያም ሰው በአብዛኛው ትንፋሹ ቢያጥር ማንም የማይደነቅበት ሰው ነው።

እስካሁን የተናገርነው ድንገት ስለሚደርሰው ነው። በዝግታ የሚመጣውም አለ። በ1946 ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት በድመቶች ላይ ባደረጉት ሙከራ የሚተነፈሰው ኦክሲጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች እንደሚጨማደዱ አሳዩ። በሌላው አካል ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ኦክሲጅን ያነሰበት ጡንቻ የደም ሥሩን ይከፍታል። የሳንባው አሠራር ግን ብልኀት አለበት፤ አንዱ የሳንባ ክፍል በአክታ ቢዘጋ ደሙ በከንቱ ወደዚያ እንዳይሄድ ወደ ጤነኛው ክፍል ይመለሳል። ጒዳቱ የሚመጣው ሳንባው በጠቅላላው ሲታመም ነው፤ ያን ጊዜ ሥሮቹ ሁሉ ይጨማደዳሉ፥ ደሙም የሚመለስበት ጤነኛ ስፍራ አያገኝም። ይህ ለወራትና ለዓመታት የቀጠለ እንደ ሆነ የሥሮቹ ግድግዳ ወፍሮ ይቀራል፤ በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት ከ20 ሚሊሜትር በላይ ይወጣል፤ ቀድሞ የሕመሙ ወሰን 25 ነበረ፥ ከ2018 ወዲህ ግን ሊቃውንቱ ወደ 20 አውርደውታል። የቀኙ ልብ መጀመሪያ ጡንቻውን ያደነድናል፤ በኋላ ይደክማል። የአንገት ደም ሥር ይገተራል፥ ጉበት ያብጣል፥ ሁለቱም እግሮች ውሃ ይቋጥራሉ።

በዚህ ላይ ኩላሊት ኦክሲጅን ማነሱን ባወቀ ጊዜ መቅኒው ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲያበዛ ትእዛዝ ይልካል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ብዙ ተሸካሚ ብዙ ኦክሲጅን ያመጣልና። ዳሩ ግን ሕዋሳቱ ከልክ ሲያልፉ ደሙ ይወፍራል፤ የደከመው ልብም ቀጭን ውሃ ሲገፋ የነበረውን አሁን እንደ አጥሚት የወፈረ ነገር ግፋ ይባላል።

ደጋ የሚኖር አንባቢ እዚህ ላይ ስለ ራሱ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሆኖም ጤነኛ ደገኛ በዚህ አይጎዳም። አሜሪካዊቱ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ሲንቲያ ቢዮል በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩት ብዙ እንዳልተለየ አሳይተዋል፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ደማቸው ይወፍራል። ይህ የሚያኮራ ነገር ቢሆንም የሚናገረው ስለ ጤነኛ ሳንባ ነው። በባሕር ዳርቻ ገና የሚችለውን ያህል የታመመ ሳንባ በደጋ ላይ የቀረውን ትርፍ ቀድሞ ይጨርሳል።

በግራው ልብም በኩል ጒዳት አለ። በ2004 በእንግሊዝ አገር ከሐኪሞች መዝገብ በተሰበሰበ ሰፊ ጥናት እንደ ተገለጸው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን በያዘ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ውስጥ የልብ ጡንቻ ድንገት ደም የማጣት አደጋ ወደ አምስት እጥፍ፥ የአንጎል ደም ሥር መዘጋትን የመሰለው ሕመም ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ቁጣው በልብ ደም ቅዳ ላይ የቆየውን የስብ ቅርፊት ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ላይ ደም ይረጋል። ልብ በትኩሳት ፈጥኖ ሲመታ ብዙ ኦክሲጅን ይሻል፤ የታመመው ሳንባ ደግሞ የሚሰጠው ከወትሮው ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው በሽተኛ ደረቱን ሲያመው «ሳሉ ነው» ተብሎ ቢተው ሊያስደንቅ አይገባም፤ ሊያሳዝን ግን ይገባል።

ይህ ሁሉ ለዓለም ጎልቶ የታየው በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በኮቪድ የሞቱ የሰባት ሰዎችን ሳንባ በኢንፍሉዌንዛ ከሞቱ ከሰባት ሰዎች ሳንባ ጋር ያነጻጸሩ ሊቃውንት በአየር ከረጢቶች ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ያለው ጥቃቅን የደም ጓል በኮቪዱ ዘጠኝ እጥፍ በዝቶ አገኙ። እንግዲህ ጓል ከእግር ተነቅሎ መምጣቱ ብቻ አይደለም፤ የሳንባው ቁጣ የበረታ እንደ ሆነ በዚያው በሳንባው ውስጥም ይረጋል። ፊርሾ ያስተማረው አልተሻረም፤ ተጨመረበት እንጂ።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። መርጋትን የሚከለክለው የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው እንደኛው ተማሪ በሆነ ሰው እጅ መሆኑን መናገር ደስ ያሰኘናል። በ1916 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው ጄይ ማክሊን እንዲፈልግ የታዘዘው ደምን የሚያረጋ ነገር ነበር፤ ከውሻ ጉበት ያወጣው ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሆኖ አገኘው። ሄፓሪን የምንለው ከዚህ ሥራ ተነሣ። ዋርፋሪን ደግሞ የተበላሸ ድርቆሽ በልተው ደማቸው እየፈሰሰ ከሞቱ የሰሜን አሜሪካ ከብቶች ታሪክ የመጣ ነው፤ አስቀድሞ ለአይጥ መርዝ ካገለገለ በኋላ በ1954 ለሰው ተፈቀደ። መድኃኒቶቹ የረጋውን ጓል አያሟሙም፤ እንዳያድግና ሌላ እንዳይጨመርበት ይጠብቃሉ እንጂ፤ ማሟሟቱን አካል ራሱ ቀስ በቀስ ይሠራዋል። ጥቅማቸውን በ1960 ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ገለጹ። መድኃኒቱን ካላገኙት 19 በሽተኞች አምስቱ በሳንባ ኤምቦሊዝም ሲሞቱ፥ ካገኙት 16 በዚህ ምክንያት የሞተ አልነበረም። ከዚህ በኋላ በሽተኛን ያለ መድኃኒት ትቶ ማወዳደሩ ከኅሊና ጋር የማይስማማ ሆኖ ታያቸው።

በሳንባ በሽተኛ ላይ ግን መድኃኒቱን መስጠት እንደ መናገሩ ቀላል አይደለም። ነቀርሳ ሳንባውን የበላውና ደም ያለበት አክታ የሚተፋ ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ቢሰጠው ሊፈስበት ይችላል፤ ባይሰጠው ጓሉ ሊገድለው ይችላል። በዚህ መካከል የሚመረጠው እንደ ደሙ ብዛትና እንደ ጓሉ አስጊነት በአልጋው አጠገብ ነው እንጂ በመጽሐፍ አስቀድሞ አይወሰንም። ሌላም አለ። ለነቀርሳ ሕክምና ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ዋርፋሪንን ፈጥኖ እንዲያጠፋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የተለመደው መጠን አይበቃም፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ እጥፍ መጨመር ያሻል። አዳዲሶቹም እንክብሎች፥ እነ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን፥ በሪፋምፒሲን ይዳከማሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን መጨረሻው ነው፤ የነቀርሳው ሕክምና አልቆ ሪፋምፒሲን ሲቆም ጉበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ወትሮው ይመለሳል፤ ያ የተጨመረው ዋርፋሪን ካልተቀነሰ በሽተኛው ከነቀርሳ በዳነ ማግሥት ደም ፈሶት ይመጣል። ሁለቱን መድኃኒቶች ሁለት የተለያዩ ክፍሎች የሚሰጡ እንደ ሆነ፥ አንዱ ክፍል ያቆመውን ሌላው ሳያውቅ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ልቡ በዝግታ ለደከመው በሽተኛ ዋናው መድኃኒት ኦክሲጅን ነው። በ1981 የወጣው የብሪታንያ ጥናት በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክሲጅን ከተሰጣቸው 42 በሽተኞች በአምስት ዓመት ውስጥ 19 ሲሞቱ፥ ካልተሰጣቸው 45 ግን 30 እንደ ሞቱ ያሳያል። በቀን 15 ሰዓት ማለት በቤት ውስጥ መሣሪያና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ማለት ስለ ሆነ ለብዙዎች የማይደረስበት ነው። ስለዚህ ጢሱን ከማጀት ማስወጣት፥ ነቀርሳውንም ሳንባውን ሳይጎዳ አስቀድሞ ማከም ከሁሉ የረከሰ የልብ ሕክምና ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የቀረው የምርመራው ነገር ነው። በ2021 በፈረንሳይ በሰባት ሆስፒታሎች የአየር ቧንቧ መጥበብ ሕመማቸው ድንገት ከፍቶባቸው የተኙ 740 በሽተኞች በተመረመሩ ጊዜ 44ቱ በሳንባቸው ደም ቅዳ ውስጥ ጓል ተገኘባቸው፤ ሐኪሞቹ ምንም ካልጠረጠሩባቸውም መካከል ከመቶ 3 ገደማ ተገኘ። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ሁሉም በሲቲ ስካን ይታዩ» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በስፔን ወደ 750 በሚሆኑ በሽተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ ሁሉንም መመርመሩ እንደ ወትሮው ከማከም የተሻለ ውጤት አላስገኘም። የእኛ አስተያየት ሁለቱ ጥናቶች አይቃረኑም የሚል ነው፤ ጓሉ አለ፥ ፍለጋው ግን በምልክት መመራት ይገባዋል። መሣሪያው በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር ደግሞ ምልክት ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከምልክቶቹ መካከል ያለ መሣሪያ የሚታዩት ሁለት ናቸው፤ አንገትና እግር። በሽተኛው ግማሽ ተቀምጦ ሳለ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ ከታየ የቀኙ ልብ ተቸግሯል። ሁለቱ እግሮች እኩል ያበጡ እንደ ሆነ የደከመ ልብን ያመለክታሉ፤ አንዱ ብቻ ካበጠና ካመመ ግን ስለ ጓል መጠርጠር ይገባል። እግሮቹ ጤነኛ መስለው መገኘታቸው ጓል የለም ለማለት አያስችልም፤ ኤምቦሊዝም ከያዛቸው ብዙዎች በእግራቸው ምንም አይታይባቸውም። መለኪያው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ከጉልበት በታች ከምትወጣው የአጥንት ጉብታ አሥር ሴንቲሜትር ወደ ታች ቈጥሮ የሁለቱን ባቶች ዙሪያ መለካት ነው። ልዩነቱ ከሦስት ሴንቲሜትር በላይ ሆኖ ከተገኘ በሽተኛው ለሳሉ ብቻ ታክሞ ወደ ቤቱ አይሰናበትም።